ሞርፊን የሚቀመጥበት ወንበር

ኑ፣ ቀረብ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ ስለ ህመም ማስታገሻ እንጫወት። ለቡና የሚሆን ወሬ አይደለም እንዳትሉኝ። ህመም ያላንኳኳው ቤት የለም፤ በየቤታችን መሳቢያም ከበፊት የተረፈች ክኒን አትጠፋም። ስለዚያች ክኒን ሁሉም ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን፣ ልናውቀው የሚገባ ጉዳይ ስላለ ነው ዛሬ ያነሳሁት።

ጥርስ ሲነቀል፣ አጥንት ሲሰበር፣ እናት በኦፕራሲዮን ስትገላገል ከሚታዘዙት ማስታገሻዎች መካከል ትራማዶልና ኮዴይን ይገኛሉ። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ፌንታኒል ይሰጣሉ። ሁሉም ኦፒዮይድ የሚባል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከፓራሲታሞልና ከዳይክሎፌናክ ጎን ስለሚቀመጡ ሥራቸውም አንድ ይመስለናል፤ ግን በጣም ይለያያል። ዳይክሎፌናክ በዋናነት የተጎዳው ቦታ ላይ ነው የሚሠራው፤ የሚያሳብጠውና የሚያቃጥለው ኬሚካል እንዳይመረት ይከለክላል። እነ ሞርፊን ቁስሉን ዞር ብለውም አያዩት። ቁስሉ እንዳለ ይቀመጣል፤ እነሱ የሚሄዱት የህመሙን መልእክት ይዞ ወደሚሮጠው ነርቭ ነው።

ነርቩ ጋ ደርሰው ምን ያደርጋሉ? የነርቭ ሴል በቆዳው ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን አካላት ተሰክተውበታል፤ በሕክምናው ሪሴፕተር ይባላሉ። እኔ ለዛሬው ጨዋታ እንደ ዳኛ ወንበር ልቁጠራቸው። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ፍርድ የለም። ልኩ የሆነ ሞለኪውል መጥቶ ሲቀመጥበት ግን ወንበሩ ቅርጹን ይቀይርና ወደ ሴሉ ውስጥ ትእዛዝ ይወርዳል። ለኦፒዮይድ የተዘጋጁት ወንበሮች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ሚዩ፣ ዴልታና ካፓ ይባላሉ። ሞርፊን ከሁሉ አብልጦ የሚይዘው ሚዩ የተባለውን ነው፤ ማስታገሱም፣ ደስታውም፣ አደጋውም ባብዛኛው ከዚያው ወንበር ነው የሚመጣው።

ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላው ጣታችሁን ቢያገኛችሁ፣ ከጣታችሁ የተነሳው ነርቭ ክንዳችሁን አልፎ ህብለ ሰረሰር ድረስ ይሄዳል። እዚያ፣ በህብለ ሰረሰሩ የኋላ በኩል፣ መልእክቱን ለሚቀጥለው ነርቭ ያስረክባል። ሁለቱ ነርቮች አይነካኩም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። መልእክቱ ሲደርስ በመጀመሪያው ነርቭ ጫፍ ላይ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካልሲየም ሲገባ ነርቩ ግሉታሜትና ሰብስታንስ ፒ የተባሉ ኬሚካሎችን ወደ ክፍተቱ ይረጫል፤ ሁለተኛው ነርቭ እነዚያን ሲቀበል ይነቃና ወሬውን ወደ አንጎል ይወስደዋል። «አይ!» የምትሉት ያኔ ነው። ሞርፊን ሚዩ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል። ለመጀመሪያው ነርቭ ካልሲየም የሚገባበትን በር እንዲያጠብ ያዘዋል፤ ስለዚህ የሚረጨው ኬሚካል ያንሳል። ለሁለተኛው ነርቭ ደግሞ ፖታሲየም የሚወጣበትን በር እንዲከፍት ያዘዋል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ሴሉ በቀላሉ የማይቀሰቀስ ይሆናል። ላኪው ዝም አለ፤ ተቀባዩም ደነዘዘ ማለት ነው።

በዚህ አያበቃም። መካከለኛው የአንጎል ክፍል ውስጥ ህመምን ወደ ታች የሚቆጣጠር ቦታ አለ፤ ሞርፊን እዚያም ገብቶ «ከላይ የሚወርደውን እገዳ አጠንክሩ» ይላል። ስሜትን በሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎችም ወንበሩ አለ። ሞርፊን የተሰጣቸው ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ «ህመሙ አለ፣ ግን አያስጨንቀኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ህመምና የህመም ጭንቀት ሁለት ነገር መሆናቸውን ስንቶቻችን እናስባለን?

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሞርፊን የሚገኘው ኦፒየም ፖፒ ከሚባለው ተክል ፍሬ ነው፤ ያልበሰለው ፍሬ ሲጫር የሚወጣው ነጭ ወተት ደርቆ ነው ኦፒየም የሚሆነው። ታዲያ የሰው አንጎል ውስጥ ለአንድ አበባ ወተት የተሠራ ወንበር ምን ያደርጋል? የጥያቄውን ጉዞ ላጫውታችሁ፤ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፍሪድሪክ ዘርትዩርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የመድኃኒት ቤት ረዳት ከኦፒየም ውስጥ ሞርፊንን ለይቶ አወጣ። በራሱና በሦስት ወጣቶች ላይ ሲሞክረው መጠኑ በዝቶ ክፉኛ ተመርዘው ነበር። ከዚያ በኋላ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ዓለም ሞርፊንን ሲጠቀም ኖረ፤ የት ላይ እንደሚሠራ ግን ማንም በዓይኑ ማስረጃ አላየም። በ1973 ሦስት ቤተ ሙከራዎች፣ አንዱ ባልቲሞር፣ አንዱ ኒው ዮርክ፣ አንዱ የስዊድኗ ኡፕሳላ፣ በየራሳቸው መንገድ ወንበሩን አገኙት። የባልቲሞሩን ሥራ የሠራችው ካንዳስ ፐርት የተባለች የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ አማካሪዋ ሰለሞን ስናይደር ነበር። ፐርት ትምህርቷን ከመጀመሯ በፊት ከፈረስ ወድቃ ወገቧ ተጎድቶ ከሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ ተሰጥቷት ነበርና የእነዚህን መድኃኒቶች ኃይል ከራሷ ሰውነት ታውቀዋለች። መጀመሪያ ሙከራዋ አልሠራ አለ። በኋላ ናሎክሶን የተባለውን የሞርፊን ተቃራኒ በጨረር አፍላቂ አቶም ምልክት አድርጋ ከአይጥ አንጎል ጋር ስታዋህደው አንጎሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ወንበሩ መኖሩ ተረጋገጠ። በ1978 ለዚህ ዘርፍ የተሰጠው ታላቁ የላስከር ሽልማት ለአማካሪዋና ለሌሎች ሁለት ወንዶች ሲሰጥ እሷ ተዘለለች። ፐርት ተቃውሞዋን በጽሑፍ ገልጻለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ አግባብ አልነበረም።

ሌሎቹ ሁለቱ ተሸላሚዎች ደግሞ የጥያቄውን መልስ ያመጡት ናቸው። ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ። ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣ አይሁዳዊ ሳይንቲስት ነው፤ ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ በሚያርፍበት በሰባ ዓመቱ አዲስ ቤተ ሙከራ ከፈተ። ጆን ሂዩዝ የተባለው ወጣት ባልደረባው ማልዶ በብስክሌት ወደ ከተማው ቄራ ይሄድና የአሳማ አንጎል ሰብስቦ በደረቅ በረዶ ይዞ ይመለሳል። አንጎሉ ይፈጫል፣ ይጣራል፣ ይከፋፈላል። መፈተሻቸው ምን መሰላችሁ? የጊኒ ፒግ አንጀት ነው። ቁራጭ አንጀት በጨው ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነካው በየጊዜው ይኮማተራል፤ ኩምትር፣ ዘርጋ፣ ኩምትር፣ ዘርጋ። ሞርፊን ጠብ ሲደረግበት መኮማተሩ ይቀንሳል። ናሎክሶን ሲጨመርበት እንደገና ይነሳል። እንግዲህ ከአሳማው አንጎል የተጣራውን ጠብ ሲያደርጉበት አንጀቱ ልክ ሞርፊን እንደነካው ሁሉ ዝም አለ፤ ናሎክሶን ሲጨምሩበት ደግሞ ቀጠለ። አንጎል ራሱ የሞርፊንን ሥራ የሚሠራ ነገር ያመርታል ማለት ነው! በ1975 ማንነቱን ለይተው አሳተሙት፤ አምስት አሚኖ አሲዶች ብቻ የተቀጣጠሉበት ሞለኪውል ነው፤ ኤንኬፋሊን አሉት። ወዲያው እነ ኢንዶርፊን ተከተሉ።

ወንበሩ ለአበባው አልተሠራም፤ ለራሳችን ነው የተሠራው። አበባው ውስጥ ያለው ሞርፊን በአጋጣሚ ቅርጹ ስለገጠመለት ነው የሚቀመጥበት። በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ልብ ይነካል። የመንጋጋ ጥርስ ለተነቀለላቸው ሰዎች ማስታገሻ ነው ተብሎ ምንም መድኃኒት የሌለው ነገር ተሰጠ። አንዳንዶቹ ህመማቸው ቀለለላቸው። ናሎክሶን ሲሰጣቸው ግን ያ እፎይታ ጠፋ። «ይሻልሃል» የሚለው ተስፋ ብቻ አንጎል የራሱን ሞርፊን እንዲያፈልቅ አድርጎት ነበር ማለት ነው። ሕመምተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ እጅ ይዞ «አይዞህ» ማለትን የሚንቅ ሐኪም ካለ ይህን ጥናት ቢያነበው እወዳለሁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ሚዩ የሚገኘው የህመም መንገድ ላይ ብቻ አይደለም። አንጀት ላይ ሞልቷል፤ ስለዚህ ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሆዱ ይደርቃል። እንዲያውም ለተቅማጥ የሚሰጠው ሎፔራማይድ ራሱ ኦፒዮይድ ነው። በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ግን አንጎል ደጃፍ ላይ ያለው መከላከያ ወደ ደም ስለሚመልሰው አንጀት ላይ ብቻ ሠርቶ ይቀራል። የዓይን ብሌንም ላይ ትእዛዙ ይደርሳል፤ ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ እስኪያህል ይጠብባል፤ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በኦፒዮይድ የተመረዘን ሰው ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ይኼ ነው።

ሰው የሚገድለው ግን የአንጎል ግንድ ላይ ያለው ነው። ተኝተን እንኳ ሳናስብ የሚያስተነፍሱን ነርቮች እዚያ ናቸው፤ ደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ «ተንፍስ» የሚሉት እነሱ ናቸው። ሞርፊን በዝቶ እነሱንም ሲያፈዛቸው አተነፋፈስ ይዘገያል፣ ይራራቃል፣ ያቆማል። ሰውዬው አይታገልም፤ ማፈኑም አይሰማውም። ቤተሰብ «እንቅልፍ ወስዶታል፣ አትቀስቅሱት» እያለ ሊያልፈው ይችላል። እንግዲያው ከእንግዳ የማንኮራፋት ድምፅ ጋር የተኛ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ቢጠሩት ቢነቀንቁት የማይነቃ ሰው ካያችሁ እንቅልፍ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት።

መድኃኒቱ አለው፤ ቀድሞ የጠራሁት ናሎክሶን ነው። ይህ ሞለኪውል ወንበሩን ከሞርፊን በበለጠ ጉጉት ይይዘዋል፤ ሞርፊኑን አስነስቶ ይቀመጥበታል። ከተቀመጠ በኋላ ግን አንድም ፍርድ አይሰጥም፤ ወንበሩን መከልከል ብቻ ነው ሥራው። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ሰውዬው ይተነፍሳል። ደካማ ጎኑ ቶሎ ከሰውነት መውጣቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኦፒዮይድ የወሰደ ሰው ናሎክሶኑ ሲያልቅ ተመልሶ ሊሰምጥ ይችላልና የግድ ሆስፒታል መሄድ አለበት። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በ2022 ብቻ በኦፒዮይድ ከ80 ሺህ በላይ ሰው በሞተበት አገር ነው የምትኖሩት፤ ከዚህ ሞት አብዛኛው ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ከሚበረታው ከፌንታኒል ጋር የተያያዘ ነው። በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ጎረምሳ ልጅ ያለበት ቤት አንድ ቢያስቀምጥ ነውር የለበትም።

ስለ መላመድም ሁለት ቃል ልበል። ወንበሩ ቀን ከሌት ሲያዝ ሴሉ ዝም ብሎ አይታዘዝም፤ ወንበሮቹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ በሌላ በኩልም ሥራውን ያፋጥናል። ስለዚህ ትናንት ያስታገሰው መጠን ዛሬ አይበቃም። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ደግሞ የተፋጠነው ሁሉ ያለ ልጓም ይለቀቃል፤ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የሰውነት መቆረጣጠም፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ሱስ ደግሞ ከዚህ ያልፋል፤ ሚዩ በአንጎል የደስታ መንገድ ላይ ያለውን እገዳ አንስቶ ዶፓሚን እንዲፈስ ያደርጋልና ሰው ህመሙ ካለፈ በኋላም ክኒኗን መፈለግ ይጀምራል። አቁሞ ቆይቶ በድሮው መጠን የሚመለስ ሰው ሰውነቱ መላመዱን ረስቶታልና ሊሞት ይችላል።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወደ ጠቆምኳችሁ፣ ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። ኮዴይን ወንበሩን የመያዝ ዐቅሙ ደካማ ነው። ሲዋጥ ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ በአብዛኛው ሰው ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉን። ህመሙን የሚያስታግሰው ይኼው ሞርፊን ነው። ትራማዶልም እንደዚሁ በዚያው ኢንዛይም ሲለወጥ ነው ሚዩን አጥብቆ የሚይዝ ነገር የሚወጣው። ኢንዛይሙን የሚያሠራውን ጂን ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወርሳል። ጂኑ የማይሠራበት ሰው አለ፤ ኮዴይን ቢውጥ ብዙም አይጠቅመው። ጂኑ ተባዝቶ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ ያለው ሰውም አለ፤ እሱ ተመሳሳይ ክኒን ውጦ ከሌላው የበለጠ ሞርፊን በፍጥነት ያመርታል።

በ1996 ስዊድን በሚገኘው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ይህ የተባዛ ጂን ተገኘባቸው። ስዊድናውያን ሲመረመሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝባቸው ነው። ሃያ ዘጠኝ! ከአራታችን አንዳችን በላይ መሆኑ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ አንዳንድ ተመራማሪዎች የሚሉት፣ በክፉ ዘመን መርዛማነት ያላቸውን ዕፅዋት ጭምር ይበሉ ከነበሩ አያቶቻችን መካከል መርዙን ቶሎ የሚያበርድ ጉበት ያላቸው ተርፈው ይሆናል ነው፤ መላምት ነው፣ ግን የሚያሳምን መላምት ነው። በ2002 ደግሞ እሌኒ አገር ቤት የሚኖሩና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ከኮዴይን ሌላ የሆነ መፈተሻ መድኃኒት ሰጥታ ስታወዳድር፣ ተመሳሳይ ጂን ያላቸው ሆነው አገር ቤት ባሉት ላይ ኢንዛይሙ ቀስ ብሎ ሲሠራ አገኘችው። ምግባችን ወይም አካባቢያችን ሳያረጋጋው አይቀርም። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ወገኔ «አገር ቤት ስወስደው ምንም አላለኝም» በሚል መተማመን የለበትም።

የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለህመም እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ መክሯል፤ በእናትየዋ ጉበት የተመረተው ሞርፊን በጡት ወተት ሕፃኑ ጋ ሊደርስ ስለሚችል ነው። ይህን ስታውቁ ጎረቤት መሳቢያዋን ከፍታ «ይቺን ዋጪያት፤ የኔን ጥርስ ፀጥ ያደረገችልኝ እሷ ናት» ስትላችሁ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ለእሷ ልክ የሆነችው ክኒን ለአራስ ልጃችሁ ወይም ለእናንተ ልክ ላትሆን ትችላለች። በጎ ማሰቧን አመስግናችሁ ክኒኗን መልሱላት። ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱም ልብ በሉ፤ ትራማዶልና ኮዴይን በኤሚሬትስና በሳዑዲ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ያለ ፈቃድና ያለ ማዘዣ ሻንጣ ውስጥ መገኘታቸው እስር ሊያመጣ ይችላል። የሰው አደራ ተብሎም አይያዝም።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ሞርፊንን እንድትፈሩ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 የካንሰር ህመም እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚታከም መመሪያ ሲያወጣ ሞርፊንን ከላይኛው ደረጃ ላይ ያስቀመጠው በምክንያት ነው። ካንሰር አጥንቱ ውስጥ የገባበት አባት ሌሊቱን ሲያቃስት ቤተሰቡ «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ መድኃኒቱን ሲከለክለው ማየት ያሳዝነኛል። ሐኪም መጠኑን ከትንሽ ጀምሮ እያስተካከለ፣ ለሆድ ድርቀቱም ማለስለሻ ጨምሮ ሲሰጠው ሞርፊን ሰውን ወደ ቤተሰቡ የሚመልስ መድኃኒት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ተቋማት ለዚሁ የቆሙ ናቸው። አያስፈልግም እያላችሁ ሕመምተኛን በህመም አታሰቃዩ።

ሁለተኛው ቡና ቀርቧል፤ አንድ አደራ ልስጣችሁና እንጠጣ። ዛሬ ማታ የመድኃኒት መሳቢያችሁን ፈትሹ፤ ትራማዶልም ሆነ ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ተርፎ ካገኛችሁ ለማንም አትስጡ፤ ፋርማሲ ወስዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ። ከእንግዲህ ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ሲታዘዝላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ከሆናችሁ፣ ሐኪሙን እንዲህ በሉት፦ «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ጂን በእኛ ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ በዚህ መንገድ የማያልፍ ሌላ ማስታገሻ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት።